ሁሉም ተማሪ እንዲማርበት፦ ስለ ኦንላይን ትምህርት ተደራሽነት ጥያቄና መልስ

ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ሥራዬ አንድ ነው። መምህራን ያዘጋጁትን የኦንላይን ትምህርት እቀበላለሁ፤ ማየት፣ መስማት ወይም እጁን እንደ ልቡ ማንቀሳቀስ የማይችል ተማሪም እንዲማርበት አድርጌ እመልሳለሁ። የራሴም የዓይን ብርሃን ደካማ ስለሆነ የማነበው ጽሑፉን አራት እጥፍ አጉልቼ ነው፤ ሲደክመኝ ኮምፒውተሩ ያነብልኛል። ስለዚህ ከምመልሰው ግማሹ ሙያ፣ ግማሹ ምሬት ነው። ከመምህራንና ከተማሪዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች በመጡበት ቅደም ተከተል ወስጃለሁ፤ የተደጋገሙትን አንድ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ሴሚስተር የማስተምረው ኮርስ አሥራ ሁለት ምዕራፍ አለው። «ተደራሽ አድርገው» ተብያለሁ። ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኛል፤ በሳምንት ከሁለት ሰዓት በላይ ጊዜም የለኝም።

መልስ፦ ሁለት ሰዓት ብዙ ነው። መጀመሪያ የኮርሱን መርሐ ግብርና የመጀመሪያውን ሳምንት ንባብ ይክፈቱ። ከመካከል አንድ ዓረፍተ ነገር በማውስ መርጠው ይቅዱና ባዶ ገጽ ላይ ይለጥፉት። ያው ዓረፍተ ነገር በትክክል ከወጣ ፋይሉ ነፍስ አለው፤ የቀረው ይስተካከላል። ምንም አልመረጥ ካለ ግን በእጅዎ ያለው የጽሑፍ ፎቶግራፍ ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እውነተኛ ጽሑፍ ወደ ድምፅ፣ ወደ ብሬይል፣ ወደ ትልቅ ፊደል፣ ወደ ጠባብ የስልክ ስክሪን ይለወጣል። እርስዎ አንድ ጊዜ በትክክል ይጽፉታል፤ ተማሪው እንደሚመቸው አድርጎ ያነበዋል። ፎቶግራፍ ግን የተሠራው ለዓይን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ተደራሽነት ሲባል ለእያንዳንዱ ጉዳት የተለየ ቅጂ ማዘጋጀት ይመስለዋል። እኔ ግን አብዛኛው ሥራ ጽሑፉን ጽሑፍ አድርጎ ማቆየት ነው ባይ ነኝ፤ ከዚህ በታች የምመልሰውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከዚያ በኋላ ተማሪው ያለ እሱ ጨርሶ መራመድ የማይችለውን ያስቀድሙ፦ የሥራ መመሪያውን፣ ፈተናውን፣ ዋናውን ንባብ። «ለተጨማሪ ንባብ» ብለው ያስቀመጧቸው ሠላሳ ፋይሎች ይቆዩ። እንዲያውም ከሠላሳው ስንቱን እርስዎ ራስዎ አንብበው እንደ ጨረሱ ያስቡና የማያስፈልገውን ያውጡት። የተሰረዘ ፋይል ማስተካከያ አይፈልግም።

ጥያቄ፦ ርዕሶቼን ሁሉ አደምቃለሁ፣ አሰምርባቸዋለሁ፣ መጠናቸውንም ከፍ አደርጋለሁ። በቂ አይደለም?

መልስ፦ ለሚያይ ሰው በቂ ነው። በስክሪን ላይ ያለውን ጮክ ብሎ ለሚያነበው ፕሮግራም፣ ማለትም ለስክሪን ሪደር ግን ደማቅ ቃል ያው ደማቅ ቃል ነው፤ ርዕስ መሆኑን አያውቅም።

የሚያይ አንባቢ ገጹን በአንድ ጊዜ ቃኝቶ የሚፈልገውን ክፍል ያገኛል። በጆሮው የሚያነብ ሰው የሚቃኘው ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ ነው፤ አንድ ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ ወደሚቀጥለው ርዕስ ይወስደዋል። ርዕስ የሚባል ነገር ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሲያንበለብልበት ይውላል። በጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ውስጥ ርዕስ 1፣ ርዕስ 2፣ ርዕስ 3 እየተባሉ የተቀመጡት ስታይሎች የተሠሩት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ለምዕራፉ ስም፣ ሁለተኛው ለክፍሎቹ፣ ሦስተኛው ለንዑስ ክፍሎቹ ይሆናል። መልካቸው ደስ ካላለዎት መልካቸውን ይቀይሩ እንጂ አይተዉአቸው። ትርፍም አለው፤ ማውጫው ከእነሱ በራሱ ይወጣል።

ይህን የተማርሁት አፍሬ ነው። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ስልሳ ገጽ ሞጁል አሳምሬ ለአንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ላክሁለት። ርዕሶቹ ሲታዩ እንዴት ያምሩ ነበር! ከሁለት ቀን በኋላ ደውሎ፣ «መምህር፣ ምዕራፍ አራት የት ነው?» አለኝ። «ገጽ 38» አልሁት። «እዚያ ለመድረስ ሠላሳ ሰባት ገጽ አዳመጥሁ፤ አሁን ደግሞ ሳላውቀው አልፌው ሄጃለሁ መሰለኝ» አለኝ። በዚያው ሌሊት ቁጭ ብዬ ስታይሎቹን አስገባሁ። የፈጀብኝ ሃያ አምስት ደቂቃ ነበር።

ጥያቄ፦ ዋናው የማስተማሪያ መጽሐፌ በወረቀት ብቻ ነው ያለው። ገጾቹን ስካን አድርጌ በፒዲኤፍ ጭኛለሁ። ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት አሳታሚውን ወይም ደራሲውን ዲጂታል ቅጂ ይጠይቁ። አንድ ደብዳቤ ብዙ ሌሊት ያድናል። እሱ ካልተገኘ ምስሉን አይቶ ፊደል የሚለቅም ፕሮግራም አለ፤ ቴሰራክት የተባለው በነፃ የሚገኝና አማርኛም የሚያውቅ ነው። ስካኑ በኢንች 300 ነጥብ ያህል ጥራት ይኑረው፤ ገጹ አይጣመም፤ በመጽሐፉ መታጠፊያ በኩል ያለው ጥላ ቃል አይዋጥ።

ከወጣ በኋላ ግን ሰው ማንበብ አለበት። የእኛ ፊደል ከቤተሰቡ የሚለየው በትንሽ ጭረት ነው፤ ደብዛዛ ስካን ላይ «ሱ» እና «ሲ» ለማሽን መንትያ ናቸው። በተለይ ቁጥሮችንና ስሞችን ደግመው ይዩ። የተበላሸ ቃል ተማሪው ራሱ ሊገምተው ይችላል፤ የተበላሸ ቁጥር ግን ስህተትነቱ እንኳ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የጻፍሁትን ፋይል ዓይነ ስውር ተማሪዬ ከፈተው፤ ስክሪን ሪደሩ ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት መዓት ያነብበታል። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ግን ጥሩ አማርኛ ነው። ማናችን ነን የተሳሳትን?

መልስ፦ ተማሪዎ ትክክል ነው፤ እርስዎም አይተው ነው የተናገሩት። የተሳሳተው ፎንቱ ነው።

ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለኮምፒውተር የሚሆን የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ ፎንቶች በብልሃት የሚሠሩ ነበሩ፤ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ሲሆን ፎንቱ ለዓይን «ሀ» ወይም «መ» አድርጎ ይስለዋል። ስክሪን ሪደር ደግሞ የሚያነበው የተቀመጠውን እንጂ የተሳለውን አይደለም። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን መርጠው ፎንቱን ወደ ሌላ ይቀይሩት። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው። ወደ ምልክት መዓት ከተበተነ የድሮው ዓይነት ነውና ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም ያሳልፉት። በድሮው የተጻፈ ጽሑፍ በፍለጋም አይገኝም፤ ስለዚህ ማየት የሚችሉት ተማሪዎችዎም ይጠቀማሉ።

ሁለተኛው ነገር የቋንቋ ምልክት ነው። ፋይሉ ወይም ድረ ገጹ ቋንቋው አማርኛ መሆኑን መናገር አለበት፤ ይህ ከማዘጋጃ ፕሮግራሙ የቋንቋ ምርጫ ውስጥ የሚሞላ ነው። አለዚያ ስክሪን ሪደሩ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል ወይም ዘሎት ያልፋል። ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ ስክሪን ሪደር ኢስፒክ ኤንጂ ከሚባል የድምፅ ማመንጫ ጋር ይመጣል፤ እሱም አማርኛ ያነባል። ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ነው፤ አልዋሽም። የለመዱት ተማሪዎች ግን እኔ ልከተለው በማልችለው ፍጥነት ያዳምጡታል።

አንድ የቋንቋችን ጣጣም አለ። ፊደላችን ጥብቀትና ልልነትን አያሳይም። «አለ» የሚለው ቃል «ተናገረ» ይሁን «ይገኛል»፣ «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን «እስካሁን»፣ የሚለየው በዙሪያው ባሉት ቃላት ነው። ሰው ይገምታል፤ ማሽን ብዙ ጊዜ ይስታል። በፈተና ጥያቄ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ብቻውን እንዳይቆም ዓረፍተ ነገሩን ቢያስተካክሉ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ማንበብ ለሚከብዳቸው፣ ዲስሌክሲያ ላለባቸው ተማሪዎች የተሠራ ልዩ ፎንት አለ ይባላል። ልጠቀምበት?

መልስ፦ ለላቲን ፊደል የተሠሩ አሉ፤ ጥናቶች ያን ያህል ጥቅም አላገኙባቸውም። ይልቅ በመስመሮች መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ይተዉ፣ ጽሑፉን በግራ በኩል ብቻ ያስተካክሉ፣ አንቀጹን ያሳጥሩ፤ ፎንቱን ተማሪው ራሱ እንዲመርጥ ይተዉለት። እውነተኛ ጽሑፍ ከሆነ መምረጥ ይችላል።

ጥያቄ (ከባዮሎጂ መምህርት)፦ በኮርሴ ውስጥ 140 ምስሎች አሉ። ለሁሉም መግለጫ ልጻፍ? ምን ያህል ርዝመት ይኑረው? ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ ሊጽፍልኝ አይችልም?

መልስ፦ ለሁሉም አይጽፉም። እያንዳንዱን ምስል «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብለው ይጠይቁት። «ገጹን አሳምራለሁ» ካለ ጌጥ ነው ብለው ምልክት ያድርጉበት፤ ስክሪን ሪደሩ በዝምታ ያልፈዋል። ከ140ው ውስጥ እንዲህ ዓይነቱ ቀላል ቁጥር አይኖረውም ብዬ እገምታለሁ፤ መምህራን ባዶ ቦታ አንወድም።

«አስተምራለሁ» ካለ የሚያስተምረውን ይጻፉ። አንድ የልብ ሥዕል ስለ ደም ዝውውር በሚናገር ገጽ ላይ ከሆነ መግለጫው «ኦክስጅን ያነሰው ደም በቀኝ በኩል ገብቶ ወደ ሳንባ ይወጣል፤ ኦክስጅን የያዘው ደም በግራ በኩል ገብቶ ወደ ሰውነት ይሰራጫል» ዓይነት ይሆናል። ያው ሥዕል ስለ ልብ ቫልቮች በሚያስተምር ገጽ ላይ ከሆነ መግለጫው የአራቱን ቫልቮች ቦታ ይናገራል። ስለዚህ አንድ ምስል አንድ ቋሚ መግለጫ የለውም፤ መግለጫው ከትምህርቱ ይወለዳል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በተመለከተም ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው። የሚታየውን ይዘረዝርልዎታል፤ ለምን እዚያ እንዳስቀመጡት ግን አያውቅም። ረቂቅ ይጻፍልዎ፤ ፊርማው የእርስዎ ይሁን።

«የልብ ምስል» ብለው አይጀምሩ፤ ስክሪን ሪደሩ ምስል መሆኑን አስቀድሞ ይናገራል። አብዛኛው መግለጫ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ከዚያ የሚረዝም ከሆነ፣ ለምሳሌ የፎቶሲንተሲስን ሂደት የሚያሳይ ሥዕል ከሆነ፣ ሙሉውን ማብራሪያ በገጹ ጽሑፍ ውስጥ ያስገቡት፤ ሥዕሉ ያልገባው የሚያይ ተማሪም ያነበዋል። ግራፍ ከሆነ ደግሞ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ከሥር ያስቀምጡ።

ፈተና ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። «በሥዕሉ ላይ በቀስት የተመለከተው ክፍል ማን ይባላል?» የሚል ጥያቄ አውጥተው መግለጫው ላይ «ሚቶኮንድሪያ» ብለው ከጻፉ መልሱን ሰጡ ማለት ነው። «በሴሉ ውስጥ ያለ፣ ሞላላ፣ ውስጠኛው ሽፋኑ ብዙ ጊዜ የተጣጠፈ ክፍል» ቢሉ ግን የሚያየው ተማሪ ያየውን ያህል ሰጡት። ጥያቄው በምንም መንገድ በቃል የማይገለጽ ከሆነ ያንኑ ዕውቀት የሚለካ ሌላ ጥያቄ ይተኩ።

ጥያቄ (ከሒሳብ መምህር)፦ እኩልታዎቼ ሁሉ ምስሎች ናቸው። ሒሳብ እንዴት ይነበባል?

መልስ፦ በምስል አይነበብም። በማትኤምኤል ከሆነ ይነበባል፤ ይህ ድረ ገጾች እኩልታን እንደ ጽሑፍ እንዲይዙ የተሠራ ቋንቋ ሲሆን ከ1998 ጀምሮ አለ። እርስዎ ራስዎ በማትኤምኤል መጻፍ የለብዎትም። እኩልታን በተራ ፊደልና ምልክት በሚጽፈው በላቴክ ይጻፉ ወይም በጽሑፍ ማዘጋጃው የእኩልታ መሣሪያ ይጠቀሙ፤ ብዙ የትምህርት መድረኮች ላቴኩን ተቀብለው ይለውጡታል። ፒዲኤፍ ከማድረግዎ በፊት ግን በድረ ገጽ መልክ መስጠት ይቻል እንደሆነ ይዩ። በተለምዶ በሚሠራው ፒዲኤፍ ውስጥ እኩልታ ብዙውን ጊዜ ተበታትኖ ነው የሚወጣው።

በድምፅ ሲያስተምሩም አንድ ነገር ያስተውሉ። «ኤክስ ሲደመር አንድ ሲካፈል ለሁለት» ቢሉ አንዱ ተማሪ ኤክስና አንድን ደምሮ ያካፍላል፣ ሌላው አንድን ብቻ አካፍሎ ይደምራል። ሰሌዳውን ለሚያየው ግልጽ ነው፤ ለማያየው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። «ኤክስ ሲደመር አንድ፣ ድምሩ በሙሉ ሲካፈል ለሁለት» ይበሉ። «ይህን ወደዚህ እናመጣና ከዚያኛው ላይ እንቀንሳለን» የሚለውን የሒሳብ መምህራን ቋንቋም ቢተዉት እኔ በግሌ አመሰግንዎታለሁ።

ጥያቄ፦ ለቪዲዮዎቼ ኮምፒውተሩ በራሱ የግርጌ ጽሑፍ ያወጣል። ይበቃል? አንድ ባልደረባዬ ደግሞ ሙሉ ጽሑፉንም ለብቻው ጫን ይለኛል፤ ሁለቱ ምን ያለያያቸዋል?

መልስ፦ በራሱ የወጣው መነሻ ነው። የሚሳሳተው ደግሞ መሳሳት በማይገባበት ቦታ ነው፤ በሙያ ቃላት፣ በስሞች፣ በቁጥሮች፣ ከሁሉ የከፋው በአሉታ። በአማርኛ «ይሟሟል» እና «አይሟሟም» የሚለያዩት በቃሉ ጫፍና ጫፍ ባሉ ትንንሽ ድምፆች ነው። እነሱ ከተዋጡ የኬሚስትሪው ትምህርት ተገለበጠ። ስለዚህ ቪዲዮውን እያዩ አንድ ጊዜ ያርሙት። ይህን ሥራ ለመቀነስ የማውቀው አንድ መንገድ፣ ከመቅረጽዎ በፊት የሚናገሩትን መጻፍ ነው። የተጻፈው በትንሽ እርማት የግርጌ ጽሑፍ ይሆናል፤ ንግግርዎም ያጥራል።

የግርጌ ጽሑፍ ከድምፁ ጋር እኩል እየሄደ በቪዲዮው ላይ ይታያል፤ ሳቅና የበር መንኳኳትም ለትምህርቱ ካስፈለገ ይጻፍበታል። ለብቻው የሚቀመጠው ሙሉ ጽሑፍ ደግሞ ያለ ቪዲዮው የሚነበብ ነው። ባልደረባዎ ትክክል ናቸው። ማየትም መስማትም የተሳነው ተማሪ በብሬይል መሣሪያ የሚያነበው እሱን ነው። ኢንተርኔት ደካማ የሆነበት ተማሪም የሚድነው በእሱ ነው፤ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ብዙ መቶ ሜጋባይት ሲሆን የዚያው ንግግር ጽሑፍ ከጥቂት መቶ ኪሎባይት አይበልጥም። ለፈተና የሚያጠና ተማሪም «ያቺን ነገር የት ነበር ያሉት?» ብሎ ሙሉ ቪዲዮ ወደፊትና ወደኋላ ከሚያመላልስ ቃሉን ይፈልጋል።

ስክሪኑ ላይ የሚያሳዩትንም በአፍዎ ይናገሩ። «እንደምታዩት እዚህ ጋ ይጨምራል» የሚለውን «ከ2ኛው ወር በኋላ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል» ካሉ ለማያየው ተማሪ የተለየ የድምፅ ማብራሪያ መጨመር ላያስፈልግ ይችላል።

ጥያቄ (ከአንዲት ተማሪ)፦ መስማት የተሳነኝ ነኝ። በቀጥታ ትምህርት ጊዜ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዋ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው የምትታየው፤ መምህሩ ስላይድ ሲያሳይ ደግሞ ትጠፋለች። አንዳንዶች «የግርጌ ጽሑፍ አለልሽ አይደለም ወይ» ይሉኛል።

መልስ፦ እንዲህ የሚሉሽ ሰዎች የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ መሆኑን ስላላወቁ ነው። አፍሽን በፈታሽበት ቋንቋ መማር ቅንጦት አይደለም።

ለሳጥኑ፣ በአብዛኞቹ የቪዲዮ ስብሰባ ፕሮግራሞች የአንድን ሰው መስኮት አጉልቶ ቋሚ ማድረግ ይቻላል፤ በአንቺ በኩል ብቻ የምታደርጊውም አለ፣ ሰብሳቢው ለሁሉም የሚያደርገውም አለ። መምህርሽን ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ስላይዱን አስቀድሞ እንዲልክልሽ፣ ስላይድ ሲቀይር ጥቂት ሰከንድ ዝም እንዲል፣ ሰዎች ተራ በተራ እንዲናገሩና ከመናገራቸው በፊት ማንነታቸውን እንዲገልጹ። ዝም ማለቱ የሚያስፈልገው ዓይንሽ ስላይዱንና አስተርጓሚዋን እኩል ማየት ስለማይችል ነው። የሚሰማ ሰው እያየ ይሰማል፤ አንቺ ግን ከሁለት አንዱን መምረጥ አለብሽ። ይህን ብዙ መምህራን ክፋት ኖሮባቸው ሳይሆን አስበውት ስለማያውቁ ነው የማያደርጉት።

ጥያቄ፦ ስላይዶቼ ላይ ትክክለኛውን በአረንጓዴ፣ ስህተቱን በቀይ እጽፋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ ቀለሙን ይተዉት፤ ግን ብቻውን አያሠሩት። «ትክክል» እና «ስህተት» የሚል ቃል ወይም ምልክት ይጨምሩ። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ከአውሮፓ በመነጩ ሕዝቦች መካከል ከ12 ወንዶች አንዱ ገደማ የቀለም መለየት ችግር አለበት። ስልክዎን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው ስላይዱን ቢያዩት ምን እንደሚቀር ወዲያው ያውቃሉ።

የጽሑፉና የመደቡ የብርሃን ንጽጽር ደግሞ ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት፤ ለትልልቅ ፊደላት 3 ለ 1 ይበቃል። ይህን የሚለኩ ነፃ መሣሪያዎች አሉ። በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ የሚጽፉ ሰዎች ግን ምን በድለናቸው ነው?

ጥያቄ፦ ለአንድ ተማሪ በፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት መስጠት ለሌሎቹ ፍትሕ ማጓደል አይሆንም? ይህን ስጠይቅ ሁሉም ይቆጡኛል።

መልስ፦ እኔ አልቆጣም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የሚወሰነው ምን እየለኩ እንደሆነ ነው። ፍጥነትን የሚለኩ ከሆነ፣ ለምሳሌ በቀጥታ የማስተርጎም ሥራን፣ ሰዓቱ የዕውቀቱ አካል ነውና መጨመር ፈተናውን ይለውጠዋል። የታሪክ ወይም የሒሳብ ዕውቀትን የሚለኩ ከሆነ ግን ሰዓቱን ያስቀመጡት ለአስተዳደር እንዲመች ነው። የሚያይ ተማሪ አምስት ዓምድና ስምንት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ላይ የሚፈልገውን ቁጥር በአንድ እይታ ያገኛል። በስክሪን ሪደር የሚያነብ ተማሪ ከክፍል ወደ ክፍል እየሄደ አርባውን ያዳምጣል፣ በቃሉ ይይዛል፣ ከዚያ ማሰብ ይጀምራል። እኩል ደቂቃ ሰጥተው የለኩት የሠንጠረዡን አሠራር ነው።

አፈጻጸሙ ቀላል ነው፤ ሙድልን በመሳሰሉ የኦንላይን ትምህርት መድረኮች ላይ ለአንድ ተማሪ ብቻ የተለየ የጊዜ ገደብ መስጠት ይቻላል፤ ሌሎቹ አያዩትም። ከሰዓቱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የጥያቄው ዓይነት ነው። «ጎትተህ ትክክለኛው ቦታ ላይ ጣል» የሚሉ ጥያቄዎች በቁልፍ ሰሌዳ ካልሠሩ ማውስ መያዝ የማይችል ተማሪ ሦስት ሰዓት ቢሰጠውም አይመልሳቸውም። ያንኑ ጥያቄ ከዝርዝር በመምረጥ ማቅረብ ይቻላል። በካሜራ የሚቆጣጠሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ የማያርፍን ሰው በጥርጣሬ የሚመዘግቡ ከሆነ ዓይነ ስውሩ ተማሪዎ አንድም ጥያቄ ሳይመልስ ተከሳሽ ሆነ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ደብሊውሲኤጂ የሚባለውን የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ማንበብ ግዴታ ነው?

መልስ፦ ለመምህር አይደለም። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት መጀመሪያ በ1999 አወጣው፤ ሁለተኛው ትውልድ በ2008 መጥቶ በ2018 እና በ2023 ተሻሽሏል። ሦስት ደረጃ አለው፤ ተቋማት አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት መካከለኛውን፣ ሁለት ኤ የሚባለውን ነው። ከዚህ በላይ የጠቀስሁት 4.5 ለ 1 ከዚያ የመጣ ነው። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር አታስገቡ የሚለውም እንዲሁ፤ እሱን አይርሱት፣ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል። መብቱ ከየት መጣ ለሚሉ ደግሞ፣ የተባበሩት መንግሥታት በ2006 የተቀበለው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አለ፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት፣ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ይናገራሉ።

ጥያቄ፦ በእኔ ኮርስ ውስጥ አንድም አካል ጉዳተኛ የለም። ታዲያ ለማን ብዬ ነው?

መልስ፦ በምን አወቁ? የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም ወደ 1.3 ቢሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ከፍ ያለ ጉዳት እንዳለበት ይገምታል። ብዙው በዓይን አይታይም፤ ብዙው ደግሞ አይናገርም። እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ሦስት ዓመት ለማንም ሳልናገር ከጓደኞቼ ደብተር ስገለብጥ ኖሬአለሁ።

ጥያቄ፦ አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የሚያነቡት በስልክ ነው፤ ፒዲኤፉ ትንሽ ስለሚሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጎተቱ ያነባሉ።

መልስ፦ ፒዲኤፍ የወረቀት ገጽን መልክ ይዞ እንዲቆይ የተሠራ ነው፤ የስልክ ስክሪን ግን ወረቀት አይደለም። ንባቡን በድረ ገጽ መልክ ወይም ኢፓብ በሚባለው የመጽሐፍ ዓይነት ያቅርቡት፤ ፊደሉ ሲያድግ መስመሩ ራሱ ይታጠፋል። እንደ እኔ አራት እጥፍ አጉልቶ የሚያነብ ሰው በትልቅ ኮምፒውተር ላይ የሚገጥመው ችግር ከስልክ ተጠቃሚው ችግር ጋር አንድ ነው፤ ለአንዱ ያስተካከሉት ለሌላውም ይሆናል። ሊንኮችዎን ሁሉ «እዚህ ይጫኑ» አይበሏቸው። ስክሪን ሪደር ሊንኮችን ለብቻ ሲዘረዝር ሃያ «እዚህ ይጫኑ» መስማት ምን ይጠቅማል? «የሁለተኛው ሳምንት የቤት ሥራ» ይበሉት።

ጥያቄ፦ የጽሑፍ ማዘጋጃው የተደራሽነት መመርመሪያ «ምንም ችግር አልተገኘም» አለኝ። ጨረስሁ?

መልስ፦ ማሽኑ የሚያየውን ጨረሱ። መግለጫ መኖሩን ያያል፤ መግለጫው «ምስል 1» የሚል ብቻ መሆኑ አያስጨንቀውም።

ማውስዎን ነቅለው ያስቀምጡና የኮርሱን ገጽ በታብ ቁልፍ ብቻ ይዙሩት። የት እንዳሉ ይታያል? ፈተናውን ጀምረው ማስረከብ ይችላሉ? ቀጥሎ ኤንቪዲኤን ይጫኑ፤ ሁለት ዓይነ ስውራን አውስትራሊያውያን በ2006 የጀመሩት ነው፤ ክፍያ የለውም። ስክሪኑን አጥፍተው የራስዎን የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ያዳምጡ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ያንን ያደረገ መምህር ከዚያ በኋላ እኔን ብዙም አይጠይቀኝም። እርስዎ ግን ጀማሪ አድማጭ መሆንዎን አይርሱ፤ ፕሮግራሙን በየቀኑ የሚጠቀም ተማሪ ካለ እሱ ይፈትሽልዎ፤ የሥራውንም ዋጋ ይክፈሉት።

ጥያቄ (ከተማሪ)፦ መምህር፣ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ንባቡ እንደማይነበብልኝ ለመምህሬ እንዴት ልንገራቸው? ባለፈው «ኮርሱ ተደራሽ አይደለም» ብዬ ጻፍሁላቸው፤ «ይታያል» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

መልስ፦ «ይታያል» የሚለው መልስ አንተን አስቆጥቶህ ይሆናል፤ እኔን አሳቀኝ። መልእክትህ እውነት ነው፤ ግን ለሚያነቡት ሰው ምን እንደሚሠሩ አልነገራቸውም። ስለ ዓይንህ ታሪክ መዘርዘር የለብህም። የፋይሉን ስም፣ ምን እንደሚሆን፣ ምን ቢደረግ እንደሚበቃህና እስከ መቼ እንደሚያስፈልግህ ብቻ ጻፍ። እንዲህ አድርገህ ላከው፤ ለተቋሙ የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ክፍልም ግልባጭ አድርግ፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሦስተኛው ሳምንት ንባብ፣ ‹ምዕራፍ 3› የሚለው ፋይል፣ ገጾቹ ስካን የተደረጉ ምስሎች ስለሆኑ ስክሪን ሪደሬ ምንም አያነብልኝም። የመጀመሪያው የዎርድ ፋይል በእጅዎ ካለ እሱን ቢልኩልኝ ይበቃኛል፤ ሌላ ማስተካከያ አያስፈልገውም። ፈተናው ዓርብ ስለሆነ እስከ ማክሰኞ ባገኘው ለማጥናት ይደርስልኛል። ካልተገኘ ደግሞ ይንገሩኝ፤ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያውቅ ሰው አለኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳታስቀር። ሰውየው እኔ ነኝ።